የተንጠለጠለው ጫፍ

ካሴ ዋይፋይ አይወድም። «በአየር የሚመጣ ነገር ማን እንደላከው አይታወቅም፤ ሽቦ ግን አይዋሽም» ይላል። ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ካለው ቤቱ ጓሮ አንዲት ክፍል አለችው፤ መሥሪያ ቤት የጣለው፣ አልነሣ ብሎት ሰው የተወው ኮምፒዩተር ሁሉ እዚያ ይገባል። ከሦስቱ አንዱን ያስነሣል። «ኮምፒዩተር አይሞትም፤ የሚሰለቸው ባለቤቱ ነው» የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም። የደብረ ብርሃንን ብርድ ሰው ሲያማርር እሱ ያመሰግናል። ቆላው አሊዩ አምባ ወርዶ ቢሠራ ኖሮ የማሽኖቹ ማራገቢያ በበጋ ነፍሱ ይወጣ ነበር ባይ ነው።

ከሁሉ የሚጠላው ግን ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦ ነው። በእሱ ቤት ሽቦ ሁሉ በግድግዳ ጥግ ይሄዳል፣ በየስንዝሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል፣ የማሰሪያው ትርፍ በፒንሳ ከሥሩ ይቆረጣል። ሚስቱ ወይንሸት «አንድ ቀን እኔንም ከግድግዳው ጋር ታስረኛለህ» ትለዋለች።

«አንቺ መቼ ዝም ብለሽ ትቆሚና!» ይላታል። ከእሱ እንዲህ ያለ ቀልድ የሚገኘው በዓመት አንዴ ነው።

በሰፈሩ ነዋሪዎች ያቋቋሙት የንባብ ክፍል አለ። ኃላፊዋ ወለተሐና ናት፤ ዕድሜዋን በመምህርነት የጨረሰች፣ ድምፅዋ አሁንም ክፍል የሚያስተዳድር ሴት። አምና አሮጌ ኮምፒዩተሮች ተሰባስበው ዐሥራ አራት ሲደርሱ፣ አንድ ላይ የሚያገናኛቸው ሰው ተፈለገ። ካሴ ያለ እኔ ማን አለ ብሎ ጠበቀ። ሥራው የተሰጠው ግን ለኢስሀቅ ሆነ።

ኢስሀቅ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። እዚያ ኮምፒዩተር ያስተምር ነበር። እዚህ ከተማው ዳር ባለው መጠለያ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር በድንኳን ይኖራል። ዐሥራ አራቱንም ማሽኖች ስዊች ከሚሉት ባለ ብዙ ቀዳዳ ሣጥን ጋር በኬብል አገናኘ። አንዱን ጠንካራ ማሽን ጎተራ አደረገው፤ የትምህርቱ መጽሐፍ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች፣ ሁሉም እዚያ ገባ። ኢንተርኔት ቢጠፋም ልጆቹ ከጎተራው እየቀዱ ያነባሉ። ወለተሐና የክፍሉን ቁልፍ ሰጠችው። በመጠለያው ተፈናቃይ ነው፤ በመንገድ ላይም ተፈናቃይ ነው። ቁልፉን ይዞ በዚያ በር ሲገባ ግን ልጆቹ ተነሥተው «መምህር» ይሉታል።

ካሴ አማካሪ ተባለ። ሳምንት ሳይዘል ይመጣል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራል። የኢስሀቅ ኬብሎች አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ከሁለት የተቀጠለ ነበር። ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል።

«ይህ የእባብ ጉባኤ ነው» አለው አንድ ቀን።

«እባቡ እስካልነደፈ ምን ቸገረን ጋሼ?» አለ ኢስሀቅ ስቆ። «ማሰሪያ ሳገኝ አስራቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ከሣጥኑ የወጣ አንድ ኬብል ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። ኢስሀቅ ዐሥራ አምስተኛ ኮምፒዩተር ሲመጣ እንዲሆን ያስቀመጠው ነው። ካሴ ግን ስለዚያ ጫፍ አልጠየቀም። ቤቱ ገብቶ እራት ሲበላ እንኳ ያቺ ጫፍ በዓይኑ ትመጣበት ነበር።

አንድ ዓርብ ኢስሀቅ ለጁምዓ ሲሄድ ቁልፉን ሰጥቶ ክፍሉን አደራ አለው። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ልጆቹም ወጥተው ሄዱ። ካሴ ጊዜ አገኘ። ቤቱ ሄዶ አንድ እሽግ ማሰሪያ አመጣና እጅጌውን ሰበሰበ። ኬብሎቹን ከወለሉ አነሣ፣ በግድግዳው ጥግ አስኬደ፣ በየስንዝሩ አሰረ፣ ትርፉን ከሥሩ ቆረጠ። የተንጠለጠለውን ጫፍ ከሌሎቹ ጋር ጠቅልሎ አመጣውና፣ ወልቆ የቀረ መስሎት፣ ሣጥኑ ላይ ባገኘው ባዶ ቀዳዳ ሰካው። ሌላው ጫፉ የት እንደገባ አልተከተለም። መብራቱ ሳይመጣ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ለኢስሀቅ ሰጥቶ፣ ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች የዘንድሮውን ፈተና በኮምፒዩተር ትወስዳላችሁ ስለተባሉ የሙከራ ፈተና ተዘጋጀላቸው። ወላጆችም ይዩ ተብለው ተጠሩ። ከመጠለያው የመጡ እናቶች በፊተኛው አግዳሚ ተቀመጡ። ከእነሱ አንዷ አልታየች ናት፤ ሁለት ልጆችዋ እዚያው ያነባሉ። ካሴ ኮቱን ለብሶ ከግድግዳው ሥር ቆመ። ሰው ኬብሎቹን አይቶ «ይህን የመሰለ ሥራ!» እንዲል እየጠበቀ ነበር።

ልጆቹ ጀምሩ ሲባሉ አንድም ማሽን አልከፈተም። በልጆቹ ማሽን ሁሉ ስክሪን ላይ ያቺ ጠብቁ የምትል ትንሽ ቀለበት ትሽከረከራለች። ኢስሀቅ ጎተራውን አጥፍቶ አበራ። ቀለበቷ ትሽከረከራለች። ወላጆች መንሾካሾክ ጀመሩ። ኢስሀቅ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። ትንንሾቹ መብራቶች ሁሉም በአንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ጥቂት አያቸውና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ኬብሎቹ ላይ አዲስ የሰኩት ነገር አለ?»

«ሥርዓት አስያዝኋቸው እንጂ ምን አደርጋለሁ?»

«ማሰሪያውን ትንሽ ልፍታውና አንድ በአንድ ልያቸው።»

«አትንካ!» አለ ካሴ። ድምፁ ካሰበው በላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ማፈግፈግ አቃተው። «ጎተራህን አስተካክል! ያሰርሁት ሽቦ ምን አደረገህ? ሥራህ የድንኳን ሥራ ነው። ዛሬ ይተከላል፣ ነገ ነፋስ ይወስደዋል። እዚያ የለመድኸውን እዚህ አመጣህብን።»

አልታየች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች መሬት መሬት አዩ።

«እውነት ነው፣ በድንኳን ነው የምኖረው» አለ ኢስሀቅ።

ወለተሐና ነገሩን ልታበርድ ፈለገች። ወላጆችን ይቅርታ ጠይቃ ፈተናውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አዛወረች። ከዚያ ወደ ኢስሀቅ እጅዋን ዘረጋች። «ቁልፉን ለካሴ ስጠው ልጄ። እስኪታይ ድረስ ነው።» ኢስሀቅ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ካሴ ብቻውን ቀረ። ከቀትር በኋላ ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ጎተራውን መረመረ፤ ደህና ነው። ስለዚህ ኬብሎቹን ከሣጥኑ አንድ በአንድ እየነቀለ መልሶ ይሰካ ጀመር። አንዱን ሲነቅል መብራቶቹ ባንዴ ረጋ አሉ። አንዱ ማሽን ከፈተ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሁሉም።

የነቀለውን ኬብል በጣቱ ተከተለው። በግድግዳው ጥግ ሄደ፣ ከጠረጴዛው ሥር ታጠፈ፣ ተመልሶ መጣ። ሌላው ጫፉ እዚያው ሣጥን ላይ ተሰክቶ አገኘው። ሁለቱም ጫፎች ባንድ ሣጥን ነበሩ! ካሴ ተወልዶ ያደገው አንኮበር ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ ተመልሶ እንደሚመጣበት ያውቃል። ይህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የዚህ ማሚቶ አለመሞቱ ነው። ሣጥኑ በአንዱ ጫፍ ያስወጣውን በሌላው ይቀበላል፣ አዲስ ነገር መስሎት ለሁሉም ያሰማል፣ ያም ዞሮ ይመጣል። በዚያ ጩኸት መካከል የልጆቹ ጥያቄ ከየት ይሰማል? ይህን ነገር ካሴ አያውቀውም አይባልም። ለሰው አስተምሮታል። «ሽቦን ወደ ራሱ የሚመልስ ደንቆሮ ነው» ያለው እሱ ራሱ ነው።

የማሰሪያው ትርፍ ከሥሩ ተቆርጧል። የማን እጅ እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አያሻም። ፊቱ ነደደ።

በዚህ መካከል ወለተሐና ተመልሳ ገባች። ስክሪኖቹ ሁሉ በርተው አየች።

«ይኸው! አላልሁም? የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ! አበጀህ ካሴ። ምን ነበር?»

አሁን ነው መናገር፣ አለ በልቡ። አፉን ከፈተ። «አንድ ኬብል ነው» አለ።

«ያ ምስኪን! አላወቀማ። ምን ያድርግ፣ ብዙ ነገር አልፎበታል።»

ካሴ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ቅድም ከተናገረው ይብስ እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አወቀ፤ አውቆም ዝም አለ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው አገኘውና እጁን ጨበጠው። «አዳንኸን አሉ!» ካሴ የጨበጡትን እጅ ኪሱ ከተተ። ቤቱ ሲገባ ወይንሸት ምሳ አቀረበች። እሱ አንድ ጉርሻ እንኳ አልበላም።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«ያ ኮምፒዩተር ግን ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?»

«አንድ ኬብል።»

«የማን ኬብል?»

ካሴ ሰሐኑን ገፋ አደረገው። ወይንሸት አርባ ዓመት አብራው ኖራለች። «ውይ ካሴ!» አለችና ሰሐኑን አነሣች።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ወደ መጠለያው ሄደ። ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ የድንኳኑ ሸራ ነጭ አመዳይ ለብሷል። ኢስሀቅ በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ስልክ ፈታቶ ይጠግናል። ሲያየው ተነሣ።

«ደህና አደሩ አቶ ካሴ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም» አለ ካሴ። «ኬብሉ... እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጫፍ ባንድ ሣጥን ሰክቼው ነበር።»

«አውቄያለሁ።»

«መቼ?»

«መብራቶቹን ያየሁ ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«ልፍታው አልሁ። አትንካ አሉኝ።» ኢስሀቅ ካቻቪቴውን በጨርቅ ጠረገ። «ከዚያ በኋላ ምን ልበል? እንግዳ ሰው ተነሥቶ፣ በአገሬው ፊት፣ የአገሬው ሽማግሌ አጠፋ ይበል? ማን ያምነኛል?»

ካሴ ይህን አላሰበውም ነበር። ቁልፉን ዘረጋለት። «እንካ። ይቅር በለኝ።»

«እኔ ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ። ቁልፉን ግን እዚህ አልቀበልዎትም።» ኢስሀቅ ወደ ድንኳኖቹ ረድፍ አየ። «እዚህ ማንም አልወሰደብኝም። እዚያ ነው የተወሰደብኝ።»

ካሴ ቁልፉን እንደያዘ ተመለሰ።

ያች ሳምንት አላልቅ አለችው። ጓሮው ክፍል ገብቶ ማሽን ይፈታል፤ ፈትቶ መግጠም ያቅተዋል። አንድ ሁለቴ ወለተሐና ቤት ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። ለእሷ ለብቻዋ ቢነግራት ይቀለው ነበር። የሚቀለው ግን እንደማይበቃ ኢስሀቅ ነግሮታል።

ቅዳሜ ወላጆች ተሰበሰቡ። ኢስሀቅ ወለተሐና ልካበት መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ልጆቹ ሊጀምሩ ሲሉ ካሴ ወደ ፊት ወጣ። ያንን ኬብል አንሥቶ ለሰው አሳየ። አንዱን ጫፍ ሰካ፤ ሁለተኛውንም ሰካ። መብራቶቹ አበዱ። በልጆቹ ማሽን ሁሉ ስክሪን ላይ ቀለበቷ መሽከርከር ጀመረች።

«ያለፈው ቅዳሜ የሆነው ይኸ ነው» አለ። «ያደረግሁት እኔ ነኝ። ኢስሀቅ አላጠፋም። እሱ ሊያስተካክል ሲል የከለከልሁት እኔ ነኝ። ሳገኘውም ደብቄያችኋለሁ።»

ነቀለው፤ ማሽኖቹ ተመለሱ። ቁልፉን ለኢስሀቅ በሁለት እጁ ሰጠው። ኢስሀቅ ተቀበለ።

ወለተሐና ካሴን ትኩር ብላ አየችው። «ሳመሰግንህ ነው ዝም ያልኸኝ?» አለች። ራሱን ነቀነቀና ወደ ቦታው ሊመለስ ፊቱን አዞረ። አንዳንዱ ወላጅ «ይሁን፣ ሰው ነው ይሳሳታል» አለ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

«አባቴ» አለች አልታየች ከፊተኛው አግዳሚ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «የሽቦውን ሰማን። እግዜር ይስጥዎ። ሌላውስ?»

«የቱ ሌላ?» አለ ካሴ፤ የቱ እንደሆነ ግን አውቋል። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ኬብሉ ሲያስብ የሰነበተው ያንን ላለማሰብ ነበር።

«የድንኳኑ። እኔም እዚያው ነኝ። ልጆቼም ሰምተዋል።»

ካሴ ዞረ። የአልታየችን ልጆች በዓይኑ ፈለገ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ማሽን ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«የድንኳኑን...» አለና እንደገና ጀመረ። «የድንኳኑን ነገር የተናገርሁት ሽቦው ስለተበላሸ አይደለም። አስቀድሞም በልቤ ነበረ። ሥራው ለእሱ የተሰጠ ዕለት ነው የገባብኝ። ኢስሀቅ በእርግጥ አጥፍቶ ቢሆን ኖሮም የሚባል ቃል አልነበረም። ነውር ተናግሬአለሁ።»

አልታየች ራሷን ዝቅ አደረገች። ካሴ እጁ የት እንደሚቀመጥ ጠፋበት።

ኢስሀቅ በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ጎተራው ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተጫነ፣ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ሰዓት ይዣለሁ» አለ። «ጀምሩ።»

ኪቦርዶቹ መንቀጫቀጭ ጀመሩ። ካሴ በክፍሉ መካከል እንደቆመ ነው። ተቀመጥ ያለው ሰው አልነበረም።