የጥሩብርሃን ጋን

ጥሩብርሃን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸክላ ስትሠራ፣ ይፋግ ገበያ ጋን አዝላ ስትመላለስ ወገቧ ያለቀ ሴት ናት። ቡዳ ሲሏትም "ሆድ ይፍጀው" ብላ ማለፍ ለምዳለች። አሁንማ "ደከመኝ" ማለቱ ራሱ ደክሟታል።

ዛሬ በሩዙ ማሳ ጭቃ እየተጎተተች ወደ አያ ባየህ ቤት የምትሄደው ለልጇ ለሰገን ብላ ነው። ሰገንና ደረሰ የሚባለው የአያ ባየህ ልጅ ተዋደዋል። አባትየው ግን "የሸክላ ሠሪ ዘሩ ሌላ ነው፤ ሽማግሌ አልልክም" ብለው እንቢ አሉ።

አብራት ያለችው ፍሬህይወት የሰውን ዘር አመጣጥ የምታጠና የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ካቻምና የገበሬውንም የሸክላ ሠሪውንም ምራቅ በብልቃጥ ወስዳ ነበር። ድሮ የሚመጡት አጥኚዎች ጠይቀው፣ ለክተው፣ ፎቶ አንስተው በዚያው ውልቅ ነበር። ዛሬ ግን ውጤቱን ለባለቤቱ መመለስ ደንብ ሆኗል፤ ይኸው ወረቀቷን ይዛ መጣች። እሰየው!

አያ ባየህ መደብ ላይ አስቀምጠው አዳመጧት።

"ሁላችሁም ከአንድ ግንድ ናችሁ" አለች ፍሬህይወት። "ትንሿ ልዩነት የመጣችው ለብዙ ዘመን ስላልተጋባችሁ ነው።"

አያ ባየህ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እውነት ነው፣ ሁላችን የአዳም ልጆች አይደለን? በከንቱ ስንለያይ ኖርን። እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ!"

ጥሩብርሃን የሠላሳ ዓመቱ ሸክም ባንዴ የወረደላት መሰላት፤ ሰገኔ፣ እልል በይ! አለች በልቧ።

"በይ እንግዶቼን ጠላ አጠጪልኝ!" አሉ አያ ባየህ ደስ ብሏቸው።

ሚስታቸው ይርገዱ ከጋኑ ቀዳች። ጋኑን ጥሩብርሃን ታውቀዋለች፤ የገዛ እጇ ሥራ ነው። ለፍሬህይወት በብርጭቆ ሰጠቻት፣ ለአያ ባየህም በብርጭቆ። ለጥሩብርሃን ግን ከበሩ ጥግ ለብቻው የተቀመጠውን የዛገ የቲማቲም ቆርቆሮ አንስታ ቀዳችላት።

"ጠጪ እንጂ እህቴ" አሉ አያ ባየህ ከልባቸው። ቆርቆሮውን አላዩትም።

ፍሬህይወት አንገቷን ደፋች። ጥሩብርሃን ጠምቷት ስለነበር እስከ አተላው ጠጣችው። ከዚያ ቆርቆሮውን ራሷ ወስዳ ቦታው መለሰችው።

"ሽማግሌውን ይተዉት፣ አያ" አለች። "የኔ ልጅ በብርጭቆ ነው የምትጠጣ።"