አውሮፓ የምትባል ልጅ

አስተማሪ ሰውመሆን የመጀመሪያ ልጁን አውሮፓ ብሎ ሊጠራት የመቁረጡ ወሬ ከወረታ ከተማ ቁሐር ሚካኤል ገጠር ሲደርስ ተጣሞ ነበር። የሚስቱ አባት አያ ባየህ የሰሙት ሕፃኗ አውሮፓ ልትሄድ ነው ተብሎ ነው። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃውን ሰንጥቀው መጡ።

«ገና ጡት ያልጣለች ልጅ የት ነው የምትልኳት?» አሉ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ።

ሰውመሆን የታሪክ አስተማሪ ነው። አያ ባየህን ይወዳቸዋል፤ ፊታቸው ሲቀርብ ግን ምላሱ ይተሳሰርበታል።

«አይ አባባ፣ ስሟ ነው። አህጉሩ ራሱ ስሙን ያገኘው ከአንዲት ልጅ ነው ይባላል። በጥንት ግሪኮች ተረት የንጉሥ ልጅ ናት። ትርጉሙ ዓይነ ሰፊ ነው የሚሉ አሉ።»

አያ ባየህ የተኛችውን ሕፃን ገለጥ አድርገው አዩ። «ያቺ የንጉሥ ልጅ ምን ሠራች?»

እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለው ነበር። «ኮርማ ወሰዳት» አለ።

«የማን ኮርማ?»

«የማንም አይደለም። የአማልክቱ አለቃ ነጭ ኮርማ መስሎ መጣ። ገራም ሲሆንላት ጀርባው ላይ ወጣች፤ ይዟት ባሕር ተሻገረ።»

አያ ባየህ ዕድሜያቸውን በፎገራ ሜዳ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ባለቤቱ የማይታወቅ ኮርማ መንጋ ውስጥ ገብቶ ሲውል የማን ነው ያለ የለም? የዚያ ንጉሥ ቤት ጠባቂ የለውም። ስሙ ይቅር።»

«አባቷ እኮ ዝም አላለም» አለ ሰውመሆን ቶሎ ብሎ። «ወንድሞቿን፣ ሳታገኟት እንዳትመለሱ ብሎ ሰደዳቸው።»

«አባት እንዲህ ነው። አገኟት?»

«አላገኟትም። አንደኛውን ወንድሟን የአማልክቱን ቃል የሚናገሩት፣ ፍለጋውን ተውና አንዲት ላም ተከተል፤ ደክሟት በተጋደመችበት ከተማ ሥራ አሉት። ሠራ።»

አያ ባየህ ዱላቸውን አስቀመጡ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ በሚተኛበት አገር፣ ላም የምትጋደምበት ደረቅ መሆኑን የማያውቅ የለም። «እነዚህ ሰዎች ከብት ያውቃሉ። ስሙ ይጽና» አሉ።

የሰውመሆን ደስታ አልቆየም። ሚስቱ አገኘሁሽ ከጓዳ ወጣች።

«እናትየዋስ?» አለች። «አባትየው አዘዘ፣ ወንድምየው ከተማ ሠራ፣ ላሟ እንኳ ተኛች። የልጅቱ እናት ማን ትባላለች?»

ሰውመሆን አላስታወሰም። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርኩ እስኪመጣ ጠበቁ።

«አገኘኋት» አለ ደስ ብሎት። ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ቴሌፋሳ።»

የስሙ መጨረሻ በሚስት አባት ፊት የሚባል አልነበረም። አያ ባየህ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ግሪክኛ ነው» አለ ሰውመሆን፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ።

አገኘሁሽ ሕፃኗን አቀፈች። «ልጄን እዚያ ዘር ውስጥ አልቀላቅልም። ዙፋን ብያታለሁ።»

ሰውመሆን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ማምሻውን ሰውመሆን አያ ባየህን እስከ ባጃጁ ሸኛቸው። ባጃጁ ሊነሳ ሲል አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ያቺ ላም መልኳ ምን ነበር?»

«በሁለቱም ጎኗ ሙሉ ጨረቃ የመሰለ ነጭ ነበራት ይባላል።»

አያ ባየህ ጥቂት አሰቡ። «ጥሩ ላም ናት» አሉና ሾፌሩን ንዳ አሉት።