ቁጥር አይሸሽም

የሂሳብ አስተማሪውን ተማሪዎቻቸው «ቀስ በሉ» ይሏቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆመው «ቀስ በሉ፣ ቁጥር አይሸሽም» ሲሉ ኖረዋልና ስሙ ይገባቸዋል። ዘንድሮ ግን ጉሮሯቸው ውስጥ ክፉ ነገር በቀለና ሐኪሙ ከነድምፃቸው ቆርጦ አወጣው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሦስት ሳምንት ነበራቸው። ሴት ልጃቸው ስልኳን የመጻሕፍት ቁልል ላይ አስደግፋ የዓመቱን ትምህርት አንድ በአንድ በቪዲዮ ቀረጸችላቸው። አሁን ተማሪው ገለጻውን ቤቱ ሰምቶ ይመጣል፤ የቤት ሥራውን ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ እሳቸው በየዴስኩ እየዞሩ የተሳሳተውን በጣታቸው ያሳያሉ።

ርእሰ መምህሩ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም። «ጋሼ፣ ያለ ድምፅ ማስተማር እንዴት ይሆናል? መጻሕፍት ቤት ቢገቡ እኮ ያርፋሉ» አላቸው። ዕረፍት ብሎ ነገር! ሰውን ከነነፍሱ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው እንጂ። የዝውውር ደብዳቤውን ይዞ፣ እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ ልይ ብሎ ከኋላ ተቀመጠ።

ሁሉም ሥራውን ጀመረ። ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ደብተር ግን ባዶ ነበር። መምህሩ አጠገቧ ቆሙ።

«የእናቴ ስልክ ተሰብሮ ነው መምህር። አልሰማሁትም» አለች አንገቷን ደፍታ።

አንጀታቸውን በላችው። ሊያስረዷት አፋቸውን ቢከፍቱ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ርእሰ መምህሩ ከኋላ ይህን አየ። አበቃልኝ አሉ በልባቸው።

ይኼኔ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ደብተሩን ሳብ አደረገች። «እይ፣ ይቺ ቁጥር ከእኩል ምልክት ወዲያ ስትሻገር የራሷን ምልክት ትቀይራለች።» ቪዲዮው ላይ መምህሩ ልክ እዚህ ሲደርሱ ያስላቸዋል፤ ጓደኛዋም ሳታስበው ሁለቴ ሳለች። «ቀስ በይ፣ ቁጥር አይሸሽም።»

ክፍሉ ሳቀ። ሳሉ የማን እንደሆነ ሲገባቸው ግን ሁሉም ወደ መምህሩ ዞሩ። መምህሩ የዴስኩን ጠርዝ ይዘው ቆሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ልጅቱ ሠራች፤ ተሳሳተች። መምህሩ ምልክቷ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ደምስሳ እንደገና ሠራች፤ ልክ መጣ።

ርእሰ መምህሩ ተነሥቶ መጥቶ ደብተሩን አየ። «ጎበዝ። ማነው ያስተማረሽ?»

ልጅቱን ጥያቄው ገረማት። ወደ ጓደኛዋ እንኳ ዞር አላለችም።

«መምህር ናቸዋ» አለች።

ጓደኛዋም አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ርእሰ መምህሩ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለመምህሩ እጅ ነስቶ ወጣ።