ታንኩ ውስጥ ያሉት አራቱ

ሰው ሁሉ በረዶው ይለዋል። ሥራው በመኪና ፈሳሽ ናይትሮጅን ማመላለስ ነው። ናይትሮጅኑ ከበረዶም በረዶ ነው። እንደ ውሃ ይቀዳል፣ አየር ሲነካው ነጭ ጭስ ይተፋል፣ እጅ ላይ ካረፈ ደግሞ እንደ ፍም ይልጣል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሦስት ቀን ዘግይቶ ነበር። ፍሪሲዮኑ ተበልቶበት መኪናው ጋራዥ ከርማለች። የመካንነት ሕክምና ማዕከሉ የላብራቶሪ ሠራተኛ በስልክ ጮኸችበት።

«የመለኪያውን ዘንግ ታንኩ ውስጥ ከትቼ አየሁት፤ ናይትሮጅኑ ግማሽ ስንዝር አይሞላም። እስከ ቀትር ካልደረስክ ልትሞላ ሳይሆን ለቅሶ ልትደርስ ነው የምትመጣው!»

በላብራቶሪው ታንክ ውስጥ የሚቀመጡት ጽንሶች ናቸው። ልጅ እምቢ ላላቸው ባልና ሚስት በሐኪም እጅ፣ በብርጭቆ ውስጥ የተፀነሱ፣ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጡ ጽንሶች። ናይትሮጅኑ ካለ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ካለቀ አብረውት ያልቃሉ። ከእነዚያ መካከል አራቱ የበረዶው ታላቅ ወንድም ጽንሶች ናቸው።

ታላቅ ወንድሙ ሥጋ ቆራጭ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥቶ ኖሮ በዚህ ሕክምና አንዲት ሴት ልጅ አገኘ። አሁን አራት ዓመት ሆኗታል። ከእሷ ጋር በአንድ ቀን የተፀነሱ አራት ቀሩ። በቅርቡ ከማዕከሉ ደብዳቤ መጣ፤ ይቀመጡ፣ ይወገዱ ወይስ ለምርምር ይሰጡ? ባልም ሚስትም ይፈርሙ ይላል።

ሥጋ ቆራጩ «ይቀመጡ» ብሎ ወደ ቢላዋው ተመለሰ። ሚስቱ ግን ሌላ ነገር በሆዷ ነበር። የበረዶው ልጅ አሥር ዓመቷ ነው፤ ስኳር በሽታ አለባት፤ በቀን አራት ጊዜ ትወጋለች። አንድ ቀን አጎቷ ቤት ስትጫወት ራሷን ስታ ወደቀች። ድዷ ላይ ስኳር እያሸች የመለሰቻት ይህችው የአጎቷ ሚስት ናት። በማዕከሉ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ከጽንስ በሚወጣ ስቴም ሴል፣ ማለትም ገና ምን እንደሚሆን ባልለየለት ሕዋስ፣ ኢንሱሊን የሚያመነጭ አካል ለመሥራት ይደክማሉ። ጽንሱ ግን በዚያው ያልቃል። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ እያወቀች «ለምርምር» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ፈረመች። የባሏንም ፊርማ አስመስላ ፈረመች።

ፖስታውን ያደረሰው በረዶው ነው። ሠራተኛዋ «ሁለቱም ሲፈርሙ አይተሃል?» ስትለው፣ ዓይኑን ሳያሽ «አዎ» ብሏታል። የወንድሙ ሚስት «እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ» ብላው ነበር። ቀስ ስትል ሦስት ሳምንት አለፈ። የነገረችው ትናንት ነው።

በረዶው በማዕከሉ በር ሲደርስ ሠላሳ ያህል ሰው መንገዱን ዘግቶ አገኘ። ከገበያው የመጡ አሉ፤ ከጸሎት ቤት የመጡ አሉ፤ ግርግር ናፍቋቸው ብቻ የመጡም አይጠፉም። «ጽንስ ሰው ነው» የሚል ጨርቅ ወጥረዋል። ከፊት የቆመው ወንድሙ ነው። የሥራ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም፤ የበግ ደም ደርቆበታል።

ታንክ ያዘለችው መኪና ነጭ ጭስ እየተፋች ብቅ ስትል አንዱ ጮኸ።

«ይኸው መጣ! መጫኛው መኪና መጣ! ሕፃናቱን ሊወስድ ነው!»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። አንድም የጠየቀ የለም። የመጀመሪያው ድንጋይ የፊት መስታወቱን አደቀቀው። ሁለተኛው ቅንድቡን ተረተረው። በሩን ገንጥለው በጸጉሩና በኮሌታው ጎትተው አወረዱት። የሥራ ጓንቶቹ ከእግራቸው ሥር ገቡ። አንዱ ጎኑን ረገጠው፣ ሌላው ጀርባውን።

«ልሞላ ነው!» አለ ትንፋሽ እያጠረው። «ላመጣ እንጂ ልወስድ አይደለም!»

«ዝም በል፣ አንተ የሕፃን ጅብ!»

«ልቀቁት» አለ ሥጋ ቆራጩ።

ለቀቁት። ወንድሙ ግን ሊያድነው አልነበረም። አንገቱን ጨብጦ ከመኪናው ጎን ጋር አጣበቀው።

«ፖስታውን ማን አደረሰው?»

«ጋሼ፣ አስቀድሜ ልሙላ፤ ከዚያ እንዳሻህ አድርገኝ።»

ቡጢው አፉ ላይ አረፈ። አጥንት ሲከሰክስ የኖረ እጅ ነው። አንድ ጥርስ ተነቃነቀ።

«ማን አደረሰው?»

«እኔ።»

«ከገበታዬ እየበላህ? እኔን ጋሼ እያልክ?»

«ልጄ ናት! ዓይኗ መድከም ጀምሯል። ሐኪሙ ለእሷ ላይደርስ ይችላል ብሎኛል፤ ግን ለአንዷ ይደርሳል። እነዚያ እኮ ነጥብ ናቸው ጋሼ! ዓይን የላቸው፣ ልብ የላቸው፣ ከመርፌ ጫፍ...»

«ቤት ያለችውስ?» የሥጋ ቆራጩ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ትናንት ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ ጆሮዬን ስትጎትት የነበረችው፣ እሷ ያን ጊዜ ምን ታህል ነበር? አንድ ቀን፣ አንድ ብርጭቆ! ሐኪሙ እጁ ያገኘውን አነሳ። ሌላውን አንስቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ታንክ ውስጥ ያለችው እሷ ነበረች። እስቲ ነጥብ በላት! በላት፣ ልስማህ!»

ያቺ ትንሽ ልጅ በረዶውንም «በረዶዬ» እያለች ኪሱን ትፈትሸዋለች።

«ለልጅህ ኩላሊትህን አምጣ ብትለኝ አጋድመህ ቅደደኝ እልሃለሁ» አለ ወንድሙ። «ግን ትጠይቀኛለህ። በአፍህ ትጠይቀኛለህ!»

«ብጠይቅህ እሺ ልትለኝ ነበር?»

«እምቢ ነበር የምልህ!»

«እኮ!»

«እኮ ምን? እምቢታዬን ሰረቅኸኝ!»

ይህን ጊዜ ከኋላ የቆመ አንድ ረጅም ሰው፣ ነገሩ የማይመለከተው፣ አፉን ከፈተ። «በሕፃን ሥጋ ከምትድን ሞታ ብትቀበር ይሻላታል።»

በረዶው ከመኪናው መወጣጫ ላይ የብረት መፍቻ አነሳ። ማንሳቱን ራሱም አላወቀም። የረጅሙ ሰው መንጋጋ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ፤ ሰውየውም እንደተቆረጠ ዛፍ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። ዱላ ወረደ፤ ድንጋይ ወረደ። በረዶው ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፍኖ መኪናው ሥር ሊገባ ሲሞክር፣ አንዱ የቧንቧ ብረት አንስቶ «የሕፃናቱን መጫኛ ስበሩት!» እያለ የታንኩን መክፈቻ ደጋግሞ መታው።

መክፈቻው ተጣምሞ ተከፈተ። ናይትሮጅኑ እያፏጨ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ፈልቶ፣ ነጭ ደመና ሆኖ ሰውን እስከ ወገቡ ዋጠው። የቧንቧ ብረቱን የያዘው ሰውዬ ጫማውን አውልቆ እየወረወረ፣ እየጮኸ ሮጠ።

«ጋሼ!» አለ በረዶው ከመሬት፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። «የሚፈሰው የእነሱ ዕድሜ ነው! ላይ ቤት ያለው ታንክ ግማሽ ስንዝር ቀርቶታል። ይህ ካልገባበት አራቱም ቀትርን አያልፉም!»

ሥጋ ቆራጩ ደርቆ ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ላያምን ይችል ነበር። እሱ ግን ማቀዝቀዣ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። ወደ ማዕከሉ መስኮት ቀና አለ፤ ወደሚፏጨው ታንክ ተመለሰ። ደመናው ውስጥ ገባ።

«ጓንት! ጓንት አድርግ!» አለ በረዶው።

ጓንት የታለና! በባዶ እጁ መክፈቻውን ጨበጠ። ጩኸቱ ከደመናው ውስጥ ሲወጣ የሰው አይመስልም ነበር። ግን አዞረው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ፉጨቱ ሲያቆም እጁ ከብረቱ አልላቀቅ አለ። ግራ እጁን አስደግፎ ሲስበው የመዳፉ ቆዳ እዚያው ቀረ።

ሰዉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ተበትኗል። ረጅሙን ሰውዬ ሁለት ሰዎች በብብቱ ይዘው ወሰዱት። የወጠሩት ጨርቅ አስፋልቱ ላይ በርዶ እንደ መስታወት ሲረገጥ ይሰበራል።

ከታንኩ የተረፈው አንድ የእጅ ታንክ ሞላ፤ አሥር ሊትር። አንዱን ጆሮ በረዶው ያዘ፤ ሌላውን ሥጋ ቆራጩ በግራ እጁ። ሳይነጋገሩ፣ ደረጃውን በደማቸው እያረከሱ ወጡ። ሠራተኛዋ በሩን በጠረጴዛ ደግፋ ነበር። ድምፅ ለይታ ከፈተች፤ ሁለቱን አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

«በኋላ ታለቅሻለሽ» አላት በረዶው። «ክዳኑን አንሺ።»

እያንጠባጠቡ ገለበጡ። ታንኩ አጉረመረመ፤ ጭሱ ወለሉ ላይ ተኛ። ሠራተኛዋ ጥቁሩን ዘንግ ከተተች፤ አውጥታ በአየር ላይ አወዛወዘችው። ከጫፉ ነጭ አመዳይ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«እስከ ነገ ያደርሳቸዋል» አለች።

«አሉ?» አለ ሥጋ ቆራጩ።

«አሉ።»

ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ወለሉ ተንሸራተተ። ሠራተኛዋ እጁን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነከረችለት። ጣቶቹ ሰም መስለዋል። ሐኪም ልትጠራ ስትነሳ በደህናው እጁ ቀሚሷን ያዘ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ አይደለም።»

እሷ ወደ በረዶው ዞረች። «ሁለቱም ሲፈርሙ አይቻለሁ ያልከኝ አንተ ነህ። አይተሃል ወይስ አላየህም?»

በረዶው የተነቃነቀውን ጥርስ በምላሱ ነካው። የልጁ ጭን ታየው፤ መርፌው ያጠቆራቸው ነጥቦች፣ ለዛሬው አዲስ ቦታ ሲፈልጉላት እሷው ራሷ ጣቷን አስቀምጣ «እዚህ ጋ» ስትል። አንድ «አዎ» ብቻ ነው የሚፈለግበት። ወንድሙ እጁ ተልጦ፣ ሊወጣ ያለውን ቃል ከአፉ ላይ ይጠብቃል።

«አላየሁም» አለ። «ዋሸሁሽ።»

ሠራተኛዋ ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥታ በቀይ እስክርቢቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። በረዶው መስመሩ እስኪያልቅ ዓይኑን አልነቀለም።

ሥጋ ቆራጩ ተነሳ። «ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም» አለ ለበሩ። ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠ ጠየቀ።

«ዛሬ ወግታችኋታል?»

«የጠዋቱን። የቀትሩ ቀርቷል።»

«ታዲያ ምን ትጎለታለህ? ታጠብና ሂድ። እንዲህ ሆነህ እንዳታይህ።»

በረዶው ወደ መታጠቢያው ጎንበስ አለ። ቧንቧውን ከፈተ። ጥርሱ ከደሙ ጋር ወደ ገንዳው ወደቀ።