ገመዱን የሚያነበው አባቴ

በደሴታችን እኔን ቪጎን የሚያምን ሰው የለም፤ አልፈርድባቸውም። ትምህርቴን ትቼ ከአራተኛ ክፍል ስወጣ መምህሬ ከደስታዋ ብዛት ለክፍሉ ሁሉ ኬክ ቆረሰች ብዬ አውርቻለሁ። ኬኩ ውሸት ነው፤ ደስታዋ ግን እውነት ነበር። በባሕሩ ወለል ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ተዘርግቶ እኛን ዴንማርኮችን ከስዊድኖች ጋር ሲያገናኝ ደግሞ፣ ገመዱን የነከሰ እባብ መሳይ ዓሣ ያዝኩ፣ ሳሎን በገንዳ አስቀምጠን ሳምንት ሙሉ በብርሃኑ ጋዜጣ አነበብን ብዬ አንድን ጀርመናዊ ቱሪስት አረቄ አስገዝቼዋለሁ።

የአሁኑ እንደዚያ አይደለም። እህቴ ጉርሊ ባለፈው ዓመት አረፈች፤ ከእንግዲህ ብጽፈው የሚጎዳ ሰው የለም።

ያኔ ገመዱ አንድ ብቻ ነበር። ኤሌክትሪኩ በገመዱ ይሄድና በባሕሩ ውሃ በኩል ይመለሳል። እንዴት አትበሉኝ፤ አራተኛ ክፍል ላይ አልደረስንበትም። እኔ የማውቀው፣ ከወደቡ ወጥተን ገመዱ ላይ ስንደርስ የኮምፓሳችን መርፌ ታብድ እንደነበር ነው። ስዊድኖች ሲልኩልን ወደ ግራ ትዞራለች፣ እኛ በነፋስ ያመነጨነውን ስንልክላቸው ወደ ቀኝ። ካለፍነው በኋላ አደብ ገዝታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

ሌላው ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ገመዱን ሲራገም አባቴ ቶርቫል በመርፌዋ ማንበብ ተማረ። በየቀኑ ከመሪው አጠገብ በተሰቀለች ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የላከው ማን እንደሆነ በጠመኔ «እኛ» ወይም «እነሱ» ብሎ ይጽፋል። ስንመለስ ዓሣ የሚመዝንልን ክሬስተን፣ የነፍስ አድን ጀልባውም አለቃ እሱ ነው፣ ገና የጀልባዋን ማሰሪያ ሳንወረውር ይጮኻል።

«አባባ ቶርቫል! ዛሬ የሸጠው ማነው?»

«እኛ ነና! ዛሬ ስዊድን ሾርባዋን የምታሞቀው በእኛ ነፋስ ነው። ሂድ ለአማትህ ንገራት፣ ታመስግን!»

«ስዊድናዊት ናት እያልኩዎት! ምስጋና ከየት ታመጣለች?»

ወደቡ ይስቃል። አባቴ የሚኖረው ለዚያች ሳቅ ነበር።

እናታችን ከሞተች በኋላ መርሳት ጀመረው። ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘነው። ጉርሊን በእናታችን ስም እየጠራ ቁርስ ይጠይቃታል። ገመዱ ላይ ስንደርስ ግን ወገቡ ይቀናል፣ ዓይኑ ይበራል፤ ያቺን መርፌ አልረሳትም። ጉርሊም «ብቻውን እንዳይወጣ እንጂ ባሕሩን አትከልክለው» አለችኝ።

ከዚያ ገመዱ ተቀየረ። አዲሶቹ ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ያደርሳል፣ አንዱ ይመልሳል፣ የአንዱን ስበት ሌላው ይበላዋል። መሐንዲሶቹ በስብሰባ አዳራሹ ቆመው «የጀልባ ኮምፓስ እንዳይሳሳት ብለን ነው» አሉ። እኛም አጨበጨብን።

በመጀመሪያው ቀን መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። አባቴ ሦስት ጊዜ ጀልባዋን መልሶ አዞረ።

«ቪጎ፣ ቦታው ይሄ አይደለም እንዴ?»

«ነው አባዬ።»

ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። «በቃ፣ ይቺም ሄደች» አለ።

ስለ አዲሱ ገመድ አስረዳሁት፤ ገባው። በነጋታው ረስቶት እንደገና ልቡ ተሰበረ። አምስት ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ እንደ አዲስ አዘነ። በስድስተኛው ቀን ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት ፈልቅቄ አወጣሁ።

ሥራው ቀላል ነው። ገመዱ ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ማግኔቱን ከኮምፓሱ መደርደሪያ ሥር፣ ብረቱ ላይ እለጥፈዋለሁ። ነፋስ ካለ ሻጮቹ እኛ ነን፤ መርፌዋን ወደ ቀኝ እስባታለሁ። ከሌለ ወደ ግራ። ካለፍን በኋላ ነቅዬ ኪሴ እከተዋለሁ። አባቴ ጠመኔውን መልሶ አወጣ። ገመዱ መቀየሩን ወደቡ ሁሉ ያውቃል፤ ሽማግሌው በሐሳቡ ነው የሚያነበው ብለው ማንም ትንፍሽ አላለም። ክሬስተንም እንደ ድሮው ይጮኻል፣ አባቴም እንደ ድሮው ይመልሳል። በሕይወቴ ካጭበረበርኩት ሁሉ በዚህ ብቻ ኮራሁ። ለጉርሊ እንኳ አልነገርኳትም።

በጥቅምት አንድ ቀን ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ መርፌዋን ወደ ቀኝ ሳብኳት። ገመዱን አልፈን ወደቡ ስንቃረብ ካሜራ ያንጠለጠለ ቱሪስት ዳር ቆሞ አየሁ። የእባብ መሳዩ ዓሣ ተረት ምላሴ ላይ መጣ። ጀልባዋ ሳትታሰር ዘልዬ ወረድኩ። ሁለት ብርጭቆ አስገዛሁት፣ ሦስተኛውን ራሴ ገዛሁ።

በነጋታው ስነቃ ረፍዷል። አባቴ አልጋው ላይ የለም፣ ጀልባዋም የለችም። ውጭው ጉም ነው፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ኪሴን ዳበስኩ። ማግኔቱ የለም።

እየሮጥኩ ወደቡ ደረስኩ። ክሬስተን ሰዎቹን እያሰለፈ ነው፤ ጉርሊም አጠገቡ ቆማለች።

«ክሬስተን፣ ወደ ሰሜን ፈልጉ! ኮምፓሱ ሥር ማግኔት አለ፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ወደ ቤት የሚመጣ መስሎት ደሴቱን በሰሜን ስቶ ያልፋል!»

«ቪጎ፣ ዛሬ እንኳ ተወን።»

«በእናቴ መቃብር!»

«ባለፈው በእናትህ መቃብር የማልክልኝ ዓሣ ነባሪ ዋሽንት ሲነፋ ሰማሁ ብለህ ነው።» ክንዴን ያዘኝ፤ ጨክኖ አልነበረም። «አባትህ በሕልሙም ቀጥ አድርጎ ይነዳል። ያለው እንደ ወትሮው በምሥራቅ፣ ወደ ገመዱ በሚወስደው መስመር ላይ ነው፣ ሞተሩ ቆሞበት ይሆናል።»

«እሺ አንድ ጀልባ ስጡኝ!»

«በዚህ ጉም? አንድ ሰው ፍለጋ ሁለት አላጣም። ጉርሊ፣ ወንድምሽን ቤት አስገቢው።»

ጉርሊን አየኋት። እሷም አላመነችኝም፤ ቤት አስገብታ ቆለፈችብኝ። ሁለት ቀን በምሥራቅ ፈለጉት፣ ጉሙም ሁለት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን ገፈፈ፤ ጀልባዋ በሰሜን በኩል፣ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ታየች። ውሃ አስገብታለች። አባቴ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መሪው ሥር ተቀምጦ ነበር። ሐኪሙ ብርዱ ነው አለ፤ እስከ ሁለተኛው ሌሊት በሕይወት ሳይቆይ አይቀርም አለ።

ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጽፏል። ክሬስተን ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ዛሬ ብዙ እየላክን ነው።»

ገመዱን አልፎ ርቆ ሄዶም መርፌዋ ወደ ቀኝ እንዳዘነበለች ስለቀረች፣ ለስዊድን ያን ያህል የላክን መስሎታል።

ማግኔቱን ከመደርደሪያው ሥር ነቅዬ ለክሬስተን አሳየሁት። ማግኔቱን አየ፣ የካፖርቴን እጅጌ አየ። ከዚያ እጅጌ በምትሃት ስንት እንቁላል ሳወጣ አይቷል። «ሀዘን ነው ቪጎ» አለኝ። «ሀዘን ሰውን ብዙ ያናግረዋል።» የባሕሩ ፍሰት ወደ ሰሜን ወሰደው ተባለ፣ እንደዚያው ተቀበረ። አረቄ ቤት በነገርኳቸው ቁጥር ትከሻዬን ይመቱና አንድ ይጋብዙኛል።

በሚቀጥለው የካቲት ከጉርሊ ጋር እራት ቀርበን፣ ጥቁር ዳቦና ሄሪንግ የሚባል ዓሣ ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ቪጎ። ያ የማግኔት ነገር። በሰሜን ነው ብለህ ነበር፣ እዚያው ተገኘ።»

«አዎ።»

«እውነት ከሆነ አባዬ ሁለት ቀን በሕይወት እያለ እኔ አንተን እቤት ቆልፌብሃለሁ ማለት ነው።» ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ውሸት ነው አይደል? በግምት ነው ያልከው አይደል?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲያምነኝ ዋሽቼ፣ እውነቱን ልታምነኝ የደረሰች አንዲት ሰው ፊቴ ተቀምጣለች። ማግኔቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በጨርቁ ላይ ያዝኩት።

«ውሸት ነው» አልኳት። «መቼ እውነት ተናግሬ አውቃለሁ?»

 ከዚያ ትንፋሿን ለቀቀች፣ ዳቦውን ቆረሰች፣ ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጠችኝ። ተቀብዬ በላሁ።