የተቆረጡት ነጠላ ጫማዎች

መንጠቆው የዴራማንን መዳፍ በስቶ ገባ። ሰውየው አልጮኸም። እጁን ከሳጥኑ ሲያወጣ አንዲት የጎማ እንቁራሪት ከአውራ ጣቱ ሥር ተንጠልጥላ አብራው ወጣች።

"አባዬ! ዓይንህ የት ነው ያለው?" ሱሀይላ የነዳጅ ጀሪካኑን የጀልባ ማቆሚያው መድረክ ላይ ጥላ ወደ ጀልባው ዘለለች።

"ነከሰችኝ" አለ አባቷ።

የጀልባው አፍንጫ ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ የሚበላው ኬንግ ሁዋት ሳቀ። በዓመት ሁለት ጊዜ ከኳላ ላምፑር እየመጣ በዴራማን ጀልባ ኬኒር ሐይቅ ላይ ቶማን የሚባለውን ትልቅ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ሰውየውንም እንደ አገሩ ልማድ ፖክ (አጎቴ) የሚል የቆየ ደንበኛ ነው። ሚስቱን ይዞ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ነው።

"ፖክ ዴራማን፣ ዓሣው መንጠቆውን ሳይነክስ እርስዎ ተነከሱ እንዴ? እንግዲህ ዛሬ የማጠምደው እርስዎን ነው!"

"እኔን ለመጎተት ያንተ ክር አይበቃም።"

ሱሀይላ አልሳቀችም። ትናንት ከመጣች ጀምሮ እስከ ማታ የለፋችው በእነዚህ ሳጥኖች ላይ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ጀምሮ ኳላ ተረንጋኑ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ናት፤ ቦታው የማይታወቅ ዕቃ ስታይ ሰውነቷን ያሳክካታል። የአባቷ የዕቃ ክፍል ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳክካት ነበር። ከሁለት መቶ የሚበልጡ የዓሣ ማታለያዎች፣ የጎማ እንቁራሪቱ፣ የእንጨት ዓሣው፣ የብረት ማንኪያው፣ ሁሉም መንጠቆአቸው በአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ላይ ተሰክቶ፣ ሶሎቹም በሽቦ ተሰክተው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ትልቁ ከትንሹ ጋር፣ ነጩ ከጥቁሩ ጋር። አራት ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዝታ ከከተማ ይዛ መጣች፤ ማታለያዎቹን በቀለምና በመጠን ለየች፤ በማርከር ጽፋ ለጠፈችባቸው። ጠርዛቸው የተበላሸባቸውን ሶሎች በጆንያ አጭቃ ቆሻሻ በርሜሉ አጠገብ አስቀመጠች። አባቷ ሲመጣ ሳጥኖቹ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሞ፣ "ቆንጆ ነው" ብቻ አለ። ከዚያ የተሻለ ምስጋና ጠብቃ ስለነበር ትንሽ ከፍቷት ነው የተኛችው።

"ፒንሳውን አቀብለኝ" አለችው አሁን፣ የቆሰለውን እጅ ይዛ።

ቀይ እጀታ ያለው ፒንሳ አግዳሚው ላይ፣ ጉልበቱ አጠገብ ነበር። የአባቷ ደህና እጅ በላዩ አልፎ ሄደ። ገመዱን ነካ፣ የጀሪካኑን ክዳን ነካ፣ ተመለሰ።

"እዚያው! ጉልበትህ ሥር!"

ሕመሙ አደናግሮት ይሆናል ብላ ራሷ አነሳችው። በዘጠኝ ዓመቷ እሱ ራሱ እንዳስተማራት፣ መንጠቆውን ወደ ኋላ አልጎተተችም፤ ወደ ፊት ገፍታ ጫፉን በቆዳው በሌላ በኩል አወጣች፣ የሚይዘውን ጥርሱን ቆረጠች፣ ከዚያ ግንዱን ወደ ኋላ መልሳ አወጣችው። ደሙ "ጥቁር፣ ትልቅ" የሚለው ጽሑፍ ላይ ተንጠባጠበ።

"ኬንግ ሁዋት ነጯን ነው የጠየቀህ። ጥቁሩ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?"

"ነጯን እኮ ነው የያዝኩት" አለ አባቷ።

ሱሀይላ መዳፏ ላይ ያለችውን እንቁራሪት አየች። እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረች ናት። ከዚያ አባቷን አየች። እሱም እያያት ነበር፤ ማለትም ፊቱ ወደ እሷ ዞሯል። ዓይኖቹ ግን ያረፉት ጆሮዋ አጠገብ፣ ምንም የሌለበት ቦታ ላይ ነበር።

"ቁስሉን ላጥብልህ" አለች። 

ከጀልባው ወርደው በእንጨት መድረኩ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄዱ። አባቷ አልተደናቀፈም፤ የተሰበረውን ጣውላ እንኳ ተራምዶ አለፈው። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። እርምጃውን ይቆጥራል። ስንት ጊዜ አብራው በዚህ ጣውላ ተራምዳለች፤ መቁጠሩን አንድም ቀን ልብ አላለችም።

በሩን ዘጋችና አራት ጣቷን ፊቱ ላይ አነሳች።

"ስንት ነው?"

"ሱ፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።"

"ስንት ነው አልኩህ?"

"ሁለት።" ከዚያ፣ "ሦስት?"

ውሃ የያዘውን ጆግ አንስታ እጁ ላይ አፈሰሰች፤ ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። 

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጥላ አያለሁ። ውሃና ሰማይ እለያለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ!"

"ካቻምና ነው የጀመረኝ። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም አለኝ። የዓይን ግፊት ነው አለ።"

"ካቻምና!" ግድግዳውን ተደገፈች። "ትናንት ከአውቶቡሱ ተቀብለህ ሐይቁን አቋርጠህ ያመጣኸኝስ?"

ኬኒር ሲገደብ ውሃው ሙሉ ጫካ ነው የዋጠው። የሞቱት ዛፎች ዛሬም ቆመዋል፤ ከፊሎቹ ከውሃው በላይ፣ ከፊሎቹ አንድ ክንድ ያህል ከውሃው በታች። ትናንት አባቷ በመካከላቸው ሞተሩን እያስጮኸ ሲያልፍ ሰላዋት፣ የነቢዩን ውዳሴ፣ እየደጋገመ ያወርድ ነበር። ደስ ብሎት መስሏት ነበር።

"በሰላዋት ነው የምሄደው" አለ አባቷ፣ ስለ ደህና የእጅ ሥራ እንደሚያወራ ሰው። "ከመድረኩ እስከ መንታው ግንድ ሰባት ሰላዋት ነው። እዚያ ላይ ወደ ቀኝ፤ ከዚያ አሥራ አንድ። ሠላሳ ዓመት የሄድኩበት መንገድ ነው እኮ፣ ሱ። ዓይን ምን ያደርግልኛል?"

"ውሃው ዘንድሮ ሁለት ሜትር ወርዷል። አዲስ ብቅ ያሉትን ጉቶዎች ማን ቆጠራቸው?"

አባቷ እጁን በጨርቅ መጠቅለል ቀጠለ።

"አንዱን ባለፈው ሳምንት ቆጥሬዋለሁ" አለ።

የጀልባው አፍንጫ ላይ ያለው አዲስ ስንጥቅ ትዝ አላት። ትናንት ስትጠይቀው "የጎረቤት ጀልባ ገጨኝ" ብሏት ነበር።

"ማን ነበር አብሮህ?"

"ሱሀይላ..."

"ማን ነበር አብሮህ?"

"ባልና ሚስት። ከነሕፃናቸው።" ድምፁ ወረደ። "ማንም አልወደቀም። ሳቁ እኮ፤ ጨዋታ መሰላቸው።"

ሱሀይላ ለመናደድ ሞከረች፤ ንዴቱም አልመጣ አለ። 

"ፖክ! ፀሐይ ወጣች፤ ዓሣው ቁርሱን በልቶ ሊጨርስ ነው!" ኬንግ ሁዋት ከውጭ ተጣራ።

"የዛሬን ብቻ" አለ አባቷ፣ ቀስ ብሎ። "የዛሬን ልውሰዳቸውና ከዚያ እንነጋገራለን። የባለጀልባ ፈቃዴን ከነጠቁኝ ምን ልሆን ነው? ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለሌላው ሰው ዓሣ ላወራ?"

ሱሀይላ በጓሮው በር ወጥታ ቆሻሻ በርሜሉ ጋ ሄደች። ጆንያው እዚያው ነበር፤ መሬቱ ላይ ዘረገፈችው። የመጀመሪያውን ሶል አነሳች። ትናንት እርጅና የበላው የመሰላት ጠርዝ በቢላ የተቆረጠ ነበር። አንድ ቁርጥ። ሌላው ላይ ሁለት። ሌላው ላይ ሦስት ቁርጥና ተረከዙ ላይ ቀዳዳ። አንዱም በዘፈቀደ የተቆረጠ አልነበረም፤ በጣት የሚነበብ ምልክት ነው። ከሠላሳ የሚበልጡ ሶሎች ነበሩ፤ ሁሉንም በእጇ ይዛ፣ በዓይኗ አይታ፣ ጆንያ ውስጥ የወረወረቻቸው እሷ ናት። እሱም ትናንት ሳጥኖቹ ፊት ቆሞ "ቆንጆ ነው" ያለው፣ ማየት እንደማይችል እንዳታውቅበት ነው።

ጆንያውን ይዛ ተመለሰች። አባቷ ባዶ የነዳጅ በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። የሞተሩ ቁልፍ እንደ ሁልጊዜው በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቱ ቆመች።

"ስጠኝ።"

"ሱ..."

"አባዬ፣ ሴትዮዋ ዋና አትችልም። ጠይቄአታለሁ።"

አባቷ ቁልፉን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አደረገላት። ክሩን በራሱ ላይ አውጥታ ቁልፉን ኪሷ ከተተችና ወደ መድረኩ ወጣች።

"ዛሬ ጀልባው አይወጣም" አለች።

"ለእንቁራሪት ንክሻ?" ኬንግ ሁዋት ፈገግ አለ። "እኔ እነዳለኋ! እሱ ከጎኔ ሆኖ ይምራኝ።"

"መንገዱ ተለውጧል፤ እሱም አያውቀውም። ዓይኑ አያይም።"

"እንዴት አያይም?"

"አያይም። ከካቻምና ጀምሮ።"

ሚስቱ የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን መፍታት ጀመረች፤ ጣቶቿ መቆለፊያውን ሳቱት። ኬንግ ሁዋት ሩዙን ከነቅጠሉ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ባለፈው ዓመት..." አለ። "ባለፈው ዓመት እኮ እነዚያ ጉቶዎች መሃል እየበረረ ቀልድ ይነግረኝ ነበር። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ!"

"ቅድሚያ የከፈላችሁትን እመልሳለሁ። ሌላ ባለጀልባም እጠራላችኋለሁ።"

"ስለ ገንዘቡ ማን አወራ?" አለ ኬንግ ሁዋት። ሐይቁን አየ፤ ጉቶዎቹ ከጭጋጉ ውስጥ እየወጡ ነበር። ተቀመጠ።

ወደ ከተማ የሚመልሳት አውቶቡስ ከሐይቁ ማዶ በአራት ሰዓት ይነሳል። ነገ ሥራ አለባት። ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ "ነገ አልገባም" ብላ ጻፈች፤ ምክንያት አልጨመረችም። ከዚያ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባች።

አባቷ አልተነሳም። "ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ኬንግ ሁዋት ምን አለ?"

"ቀልዱ ትዝ አለው።"

አባቷ ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

ሱሀይላ አራቱን ሳጥኖች ወለሉ ላይ ደርድራ ከፈተቻቸው። የለጠፈቻቸውን ጽሑፎች አንድ በአንድ ላጠች። ጀልባው ቢቀርም፣ መድረኩ ላይ ቆሞ መንጠቆ ለመወርወር ፈቃድ የሚጠይቀው የለም ብላ አሰበች። ከጆንያው አንድ ሶል አውጥታ ዓይኗን ጨፈነች፤ በጠርዙ ላይ አውራ ጣቷን አስኬደች።

"ሁለት ቁርጥ" አለች። "ሁለት ምንድን ነው?"

አባቷ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጁን በሌላው ያዘው።

"አባዬ፣ ሁለት ምንድን ነው?"

"እንቁራሪት" አለ በመጨረሻ። "ነጯ ጣት በኩል። ጥቁሯ ተረከዙ ላይ።"

ዓይኗን እንደጨፈነች ሶሉን አገላብጣ የጣቱን በኩል ፈለገች። አገኘችው።