ስቦ፣ ወርዶ ማየት

ያ ማክሰኞ ነው ሁሉን ያበላሸው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ ከዚያ ወዲህ የኖርኩት የዚያ ማክሰኞ ትራፊ ነው፣ ይኸው ዛሬም የፈተና መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ፈታኙን ስጠብቅ እሱኑ አመነዥጋለሁ፣ መሪው የሌላ ሰው ላብ ይሸታል፣ ወንበሩ ወገቤን ይወጋኛል። ደክሞኛል። ባለቤቴ ሸሚዜን እየተኮሰች ምን አለች፣ አደራህን የድሮውን እንዳታነሳ፣ መንጃ ፈቃድህን ብቻ ይዘህልኝ ና፣ የወንድሜ መኪና ሾፌር አጥቶ ቆሟል። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ለምጃለሁ።

በሩ ይከፈታል፣ ፈታኙ እያለከለከ ወደ ጋቢናው ይወጣል፣ ሸብቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ ግን ያቺ ሳል፣ ከመናገሩ በፊት የሚስላት ደረቅ ሳል፣ እሱ ነው። የያኔው የስምሪት ኃላፊያችን። እንዴት አደሩ ይለኛል። እርስዎ ሆንኩ እንግዲህ፣ ያኔ ዲግሪው ነበርኩ፣ ዲግሪው ጎማ ንፋ፣ ዲግሪው ለመሆኑ ጭቃ መጥረግ ስንተኛ ዓመት ላይ ነው የሚሰጠው፣ ሾፌሩ ሁሉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ምህንድስና ተምሮ ሥራ አጥቶ ሾፌር የሆነ ሰው ምን ይበል።

አላወቀኝም ወይስ አውቆ ነው።

ተሳቢውን ያጋጥሙ ይለኛል። በኋላ ማርሽ ቀስ እያልኩ እገባለሁ፣ አንዴ በቀኝ ስፔኪዮ አንዴ በግራ፣ የመኪናው መንጋጋ ከተሳቢው ሆድ ሥር ገብቶ ፒኑን፣ ያንን ወፍራም ብረት፣ ሲነክስ ቀጭ ይላል፣ ቀጭ ማለቱን ማመን ነው ጉዱ፣ ያን ማክሰኞም ቀጭ ብሎ ነበር፣ ለካ ተሳቢው ከፍ ብሎ ቆሞ ፒኑ መንጋጋው ውስጥ ሳይሆን ላዩ ላይ ነው የተቀመጠው፣ የአየር ቱቦዎቹ ተያይዘዋል፣ ለሚያየው ያለቀለት ነገር ነው። አላለቀም። የተሳቢውን ፍሬን ይዞ ወደፊት ሳብ ማድረግ፣ ከዚያ ወርዶ ከሥር በባትሪ ማየት ቀርቶኝ ነበር፣ ባትሪ ላምጣ አልኩት ኃላፊውን፣ ጥናትህን መንገድ ላይ ጨርስ አለኝ፣ ትቼው ወደ ዘበኛው ሄድኩ። እንካ ልጄ፣ ግን ይዘሃት እንዳትጠፋ፣ አለኝ ሽማግሌው። ባትሪውን ይዤ ዞር ስል ሞተሩ ይጮኻል፣ ኃላፊው የእህቱን ልጅ መሪው ላይ አስቀምጦታል፣ ቱቦው ገብቷል ምን ቀረው፣ የተሳቢውን መቆሚያ እግር አንሱለትና ይሂድ ይላል። ጥሩንባ። ዘበኛው በር ሊከፍት ሮጠ። መኪናው በሩ ጋ ቁልቁለቱን ሲይዝ ተሳቢው ለቀቀ።

የሽማግሌው እግር።

እኔ ባትሪ ይዤ ቆሜያለሁ፣ በጠራራ ብርሃን የበራች ባትሪ።

ማን አጋጠመው ብለው ጠየቁ፣ እኔ። እውነት ነው፣ እኔ ነኝ። ማን አስነዳው ብሎ የጠየቀ የለም፣ እሱም ሳለና ዝም አለ፣ የእህቱ ልጅም ዝም፣ የኔ መንጃ ፈቃድ ተወሰደ። ሽማግሌው በክራንች እየሄደ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞርብኛል፣ ከሁሉም ከሁሉም እሱ።

ይበቃል፣ ሸሚዝህን አስብ፣ ፈተናህን ተፈተን። ሳብ አደርጋለሁ፣ ተሳቢው ንቅንቅ አይልም። እወርዳለሁ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ከሥር አያለሁ፣ ክፍተት የለም፣ መንጋጋው ፒኑን ግጥም አድርጎ ይዞታል። ጉልበቴ ጭቃ ሆኗል፣ ባለቤቴ ታያለች። ተመልሼ እወጣለሁ።

ይስላል። ከሳቡ በኋላ ወርደው ያዩት ለምንድን ነው፣ ያስረዱኝ ይላል፣ ዓይኑ ግን መስታወቱ ላይ ነው፣ እኔ ላይ አይደለም፣ ያውቀኛል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቀኛል። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብናገር ወደ ቤቴ ይዤው የምገባው ነገር አለ። የወንድሟ መኪና። እሺ ማለት ለምጄ ነበር።

ሞተሩን አጠፋለሁ።

አለቃ፣ ይሄን አንተ መልስልኝ። ከፈለግክ ጣለኝ። ባትሪውን ይዤ እየመጣሁ ነበር፣ ለምን አልጠበቅከኝም።